ፊት የሌለው ገበሬ

በአዲስ አበባ የሥዕል መሸጫ ሱቆችና የሆቴል አዳራሾች ዘንድ ከግድግዳ የማይጠፋ አንድ ሥዕል አለ። ሰማዩ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ጀምበሯ እንደ ብርቱካን የድቡለቡለች፣ ከፊት አንድ ግራር፣ አንዲት ጎጆ፣ ከጎጆዋም አጠገብ በሬዎቹን እየነዳ የሚመለስ ገበሬ። ጎጆዋም፣ በሬዎቹም፣ ገበሬውም ከሰል መስለው ጠቁረዋል። ሰዓሊው «የገጠር ምሽት» ይለዋል፤ ገዢውም አምኖ ይወስደዋል። እኔ ግን ይህ የገጠር ምሽት አይደለም፣ በክፍል ውስጥ የተፈበረከ ምሽት ነው እላለሁ።

ጥቁረቱ ከወዴት መጣ? ከካሜራ ነው እንጂ ከተፈጥሮ አይደለም። መሣሪያው ለደማቁ ሰማይ ሲመጠን ከፊት የቆመው ሰው ይጨልማል። ሜዳው ላይ የቆመ ሰው ዓይን ግን ከሰማዩ ወደ ገበሬው ሲመለስ የግንባሩን ላብ፣ የኩታውን እጥፋት፣ የድካሙን ልክ ያያል። ጥላውም ቢሆን ጥቁር አይደለም። ጀምበር ዝቅ ስትል ብርሃኗ ብዙ አየር ስለሚያቋርጥ ሰማያዊው በየአቅጣጫው ተበትኖ ቢጫውና ቀዩ ይደርሰናል፤ ጥላው ግን ከሰማዩ የሚወርደውን ብርሃን ስለሚቀበል ወደ ሰማያዊና ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ፎቶግራፍ ገልባጩ ሰዓሊ እንግዲህ የመሣሪያውን ጉድለት ገልብጦ ጥበብ ብሎ ይሸጥልናል።

«ከቤት ውጭ መሣል የፈረንጅ ፈሊጥ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎቻችን መቼ ሜዳ ወጡ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ አልወጡም። የቀኑን ሰዓት መሣልም ጉዳያቸው አልነበረም። ይሁንና ጻድቁን በሁለት ዓይኖቹ፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይኑ ይሥሉት ነበር። ለኃጥእ እንኳ አንድ ዓይን አልነፈጉትም! የዛሬው ሰዓሊ ለሚያበላው ገበሬ አንድም ዓይን ሳይሰጠው የአባቶችን ስም መከለያ ሊያደርግ አይገባውም።

ሌሎች ደግሞ «የእኛ ጀምበር አታስጠብቅም» ይላሉ። ይህስ ፍሬ ያለው ክርክር ነው። በእኛ አገር ጀምበር ወደ አድማሱ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ፣ ከጠለቀች በኋላ ያለው ድንግዝግዝታ ከሃያ ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ነገር ግን ክሎድ ሞኔም ብርሃን አልጠበቀውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890 እና በ1891 የጂቨርኒን የእህል ክምሮች ሲሥል፣ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሸራውን እየለወጠ፣ በማግስቱም ያንኑ ብርሃን እየጠበቀ ነበር። ለእኛማ ኅዳር ራሱ ያግዘናል። በአድአ ሜዳ ጤፉ በሚታጨድበት ወር ሰማዩ ለቀናት ጠርቶ ስለሚሰነብት የትናንቱ ምሽት ከዛሬው ብዙ አይርቅም። ሰዓሊው በዘጠኝ ሰዓት ደርሶ ዝቋላን፣ ክምሩንና መንገዱን በንድፍ ይያዝ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ቀለሙን ብቻ ያሳድድ። ይህን አሥር ምሽት ያድርገው፤ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ አነሰኝ አይልም።

በሰዓሊዎች ላይ ብቻ ጣቴን እንዳልቀስር የራሴንም ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ተውኔቴ ሲታይ ከመድረኩ ጀርባ የምሽት መጋረጃ አሠርቼ ነበር። ከትርዒቱ በኋላ ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ቀርበው፣ «ልጄ፣ ጀምበሯ ከበሬዎቹ ኋላ ናት፤ ጥላቸው ደግሞ ወደ እሷው ይሄዳል። ይህ የት አገር ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አዳራሽ ሙሉ ተመልካች ሲያጨበጭብ፣ ውሸቱን ያወቁት ያን ምሽት የኖሩት ሰው ብቻ ነበሩ።

ክርክሬም ይኸው ነው። ምሽት ለገበሬው ጌጥ አይደለም፤ ቀንበር የሚፈታበት፣ ከብት የሚቆጠርበት፣ የኩበት ጭስ በጎጆው ክዳን ሾልኮ ሜዳው ላይ የሚተኛበት የሥራ ሰዓት ነው። የሥዕል መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደዚያ ሜዳ ያውጡ፤ የዐውደ ርእይ መራጮችም ከፖስት ካርድ የተገለበጠውን ይመልሱ። ሰዓሊውም አንድ ምሽት እንኳ ለጀምበሯ ጀርባውን ሰጥቶ ይቁም። ያን ጊዜ ብርሃኑ የሚያርፈው በገበሬው ፊት ላይ ነው።