ያርባ ቀን ዕድልና የሰው አቅም

ስለ ራስን ማነጽ በሚነገርበት ሥፍራ ሁሉ ሁለት ጎታች አመለካከቶች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። አንደኛው ከጥንት የወረስነው ነው። የሰው ዕጣ በተወለደ ባርባ ቀኑ ተቆርጦ ያደረ ነውና መፍጨርጨሩ ከንቱ ነው ይላል። ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ መጤ ሲሆን፣ በየአዳራሹ ተከፍሎበት የሚደመጠውና በየመንገዱ ዳር ተዘርግቶ የሚሸጠው «አስተሳሰብህን ብቻ ለውጥ፣ ሁሉም ነገር በእጅህ ነው» የሚለው ስብከት ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ ተቃራኒ ይመስላሉ። ጠለቅ ብሎ ለመረመራቸው ግን ሠርቶ አደሩን የሚያደርሱት ወደ አንድ ሥፍራ ነው፤ የመጀመሪያው ሳይሞክር ያስቀምጠዋል፣ ሁለተኛው ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር ጥፋቱን ሁሉ በገዛ ጫንቃው ላይ ጭኖ ያስቀምጠዋል። የቤት ኪራዩ ደመወዙን የበላበት ሠራተኛ ችግሩ የአስተሳሰብ ጉድለት ነው ሲባል ከመስማት የከፋ ስድብ ያለ አይመስለንም።

እንግዲህ መሠረታዊው ጥያቄ በአቅማችን ሥር ባለውና በሌለው መካከል ያለው ድንበር የት ላይ ነው? ድንበሩስ ይነቃነቃል ወይ? የሚለው ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በአንደኛውና በሁለተኛው መቶ ዓመት በሮም ግዛት የኖረው ኤፒክቴተስ በባርነት ያደገና ኋላ ነፃ ወጥቶ ፍልስፍና ያስተማረ ሰው ነበር። እርሱ ራሱ የጻፈው የለም፤ ትምህርቱን መዝግቦ ያቆየልን ደቀ መዝሙሩ አርያን ነው። የትምህርቱ አስኳል፣ ፍርዳችን፣ ፍላጎታችንና ውሳኔያችን በእጃችን ነው፤ ገላችን፣ ንብረታችን፣ ሹመታችንና ሰው ስለ እኛ የሚለው ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችን አይደለም የሚል ነው። ከባርነት ለወጣ ሰው ይህ ተራ ትምህርት አልነበረም፤ ጌታ ሊነካው የማይችለው አንድ ሥፍራ በሰው ውስጥ እንዳለ ማረጋገጫ ነበር። ይሁን እንጂ ኤፒክቴተስ ድንበሩን ያሰመረው ለብቻው በቆመ ሰው ዙሪያ ነው። እዚህ ላይ የዘመናችን ሥነ-ልቡና የሚጨምረው አለ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በውሾች ላይ ያደረጉት ሙከራ በሰፊው ይታወቃል። ሙከራው ጭካኔ ያለበት መሆኑን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ከውሾቹ ከፊሎቹ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲደርስባቸው አጠገባቸው ያለውን ሰሌዳ በራሳቸው ገፍተው ማቆም ይችሉ ነበር። ሌሎቹ ያንኑ ያህል ንዝረት ይደርስባቸዋል፤ ነገር ግን ምንም ቢያደርጉ አይቆምላቸውም። ቀጥሎ ሁሉም በአጭር አጥር ለሁለት ወደተከፈለ ሣጥን ሲገቡና አጥሩን መዝለል ብቻ ከንዝረቱ የሚያድናቸው ሲሆን፣ የፊተኞቹ ፈጥነው ዘለሉ። ከኋለኞቹ አብዛኞቹ ግን መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ተኝተው ተቀበሉት። ተመራማሪዎቹ ይህን «የተማሩት አቅመ-ቢስነት» አሉት።

አንባቢው ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ውሾቹን ለማዳን የተገኘው መንገድ ምግብ በማሳየት ማባበል አልነበረም። በማሰሪያ እየሳቡ፣ ደግመው ደጋግመው አጥሩን ማሻገር ነበር፤ እግራቸው መሻገርን እስኪያውቀው ድረስ። ከዚያ በኋላ በራሳቸው ዘለሉ። ከግማሽ ምእተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ሁለቱ ሰዎች የአንጎልን ምርምር ውጤት መርምረው የቀድሞ ንድፈ-ሐሳባቸውን ገለበጡት። ረጅም መከራ ሲበዛበት ፍጡር መፍዘዙ ያለ ትምህርት የሚመጣ ነው፤ በትምህርት የሚገኘው «ይህን ማድረግ እችላለሁ» የሚለው ዕውቀት ነው፤ ፍዘዙንም የሚገታው ይኸው ዕውቀት ነው አሉ።

የዚህን ክብደት መገንዘብ ያሻል። በስብሰባ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠው፣ የማታ ትምህርት ጀምሮ ያቋረጠው፣ «ጭንቅላቴ አይቀበልም» የሚለው ጓዳችን ሰነፍ ተብሎ ሲፈረጅ ስንት ጊዜ ሰምተናል! ከላይ በተባለው ሚዛን ሲታይ ግን ጉድለቱ የጠባይ አይደለም። እጁ አንድን ነገር ለውጦ ውጤቱን ያየበት አጋጣሚ ስላነሰው ነው። እርግጥ ሰው ውሻ አይደለም፤ ለደረሰበት ነገር ምክንያት ይሰጣል። «ዛሬ ይህ ፈተና ከበደኝ» የሚለውና «እኔ መቼም የትም አይሆንልኝም» የሚለው የወደቁት በአንድ ፈተና ሊሆን ይችላል፤ የሚነሣው ግን የፊተኛው ነው።

ከመንፈዝ ወደ መቻል የሚያሻግረውስ ማነው? ለዚህ የሶቪየቱ የሥነ-ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ግልጽ መልስ ትቶልናል። ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1934 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና 37 ዓመቱ ነበር፤ ሥራዎቹም ከሞቱ በኋላ በገዛ አገሩ ለሃያ ዓመታት ያህል ታፍነው ቆይተዋል። ያቀረበው ምሳሌ ቀላል ነው። ሁለት ልጆች ለብቻቸው ሲፈተኑ ሁለቱም የስምንት ዓመት ልጅ የሚሠራውን ብቻ ይሠራሉ። ጥቂት ሲረዱ ግን አንደኛው የዘጠኝ ዓመቱን፣ ሌላው የአሥራ ሁለት ዓመቱን ጥያቄ ይፈታል። ታዲያ እኩል ናቸው ማለት ይቻላልን? ሰው ዛሬ በሌላ ሰው እገዛ የሚሠራውን ነገ ለብቻው ይሠራዋል፤ ስለዚህ ትምህርት ማነጣጠር የሚገባው በዚህ መካከለኛ ሥፍራ ላይ ነው አለ።

ቪጎትስኪ ይህን የተናገረው ስለ ሕፃናት ቢሆንም፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ጎልማሶችና አዛውንቶች ነገሩ በልጅነት እንደማያበቃ ምስክሮች ናቸው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ማንበብን ለሌላ ሰው የተፈጠረ ነገር አድርገው ያዩት ነበር።

የኤፒክቴተስ ድንበር የሚነቃነቀው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አንድ ድኻ ቤተሰብ የቀብርን ወጪ፣ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ የለቀስተኛውን መስተንግዶ ለብቻው ሊሸከም አይችልም፤ ከአቅሙ ውጪ ነው። በእድር ሲደራጅ ግን ያው ጉዳይ በአቅሙ ሥር ገባ። የተለወጠው የሐዘንተኛው አስተሳሰብ አይደለም። ከአንድ ሰው አቅም ውጪ የሆነው ሁሉ ከሰው አቅም ውጪ ነው ብሎ መደምደም ያርባ ቀን ዕድልን በፍልስፍና ካባ ማልበስ ይሆናል።

በዚህም ምክንያት ራሱን ለማነጽ የተነሣ ሠራተኛ ትልቅ መሐላ ከመማል ይልቅ፣ ውጤቱን በሳምንት ውስጥ በዓይኑ የሚያየው አንድ ትንሽ ሥራ ይምረጥ እንላለን፤ ብቻውንም አይጀምረው፣ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ይኑር። የነዋሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራትም የአባሎቻቸውን ሥራ ሲተቹ የሠራተኛውን ሳይሆን የሥራውን ጉድለት ይናገሩ። ያለማቋረጥ የሚናገሩት ሦስት አራት ሰዎች ብቻ የሆኑበት ማኅበር ሌሎቹን መፍዘዝ እያስለመደ መሆኑን ይወቀው። በመጪው የእድር ስብሰባ፣ ዘወትር ከኋላ ተቀምጠው ዝም የሚሉት እናት የሒሳቡን መዝገብ እንዲይዙ ይጠየቁ፤ ነባሩ ጸሐፊም ለሁለት ለሦስት ወር አብሯቸው ይቀመጥ፣ ደምረው ሲሳሳቱ እርሳሱን ሳይነጥቅ እንደገና ያስደምራቸው።