ይድረስ ለጫት መኪና ባለንብረቶች

ከቢዮ አዋሌ



ይህ ደብዳቤ ለሾፌሮቻችሁ አይደለም። እነሱንማ ትራፊክ ፖሊሱም፣ ሬዲዮውም፣ ሚስቶቻቸውም መክረው ደክሟቸዋል። የምጽፈው ቁልፉን አቀብላችሁ የመድረሻውን ሰዓት ለምትቆርጡት ለእናንተ ነው።

ጫት ለምን እንደሚያስቸኩል እኛ አገር ለማንም አይነገርም። ከተቀነጠሰ ሁለት ቀን ካለፈው ኃይሉም ዋጋውም የለም። ከአወዳይ የተነሳው ጭነት ጅቡቲም ይሂድ ሶማሌላንድ እርጥቡን መድረስ አለበት። ይህ የቅጠሉ ጠባይ ነው፤ አልከራከርም። ለሾፌሩ በምልልስ መክፈል ግን የእናንተ ሥራ ነው። ማታ ጭኖ ይወጣል፣ ባዶውን ይመለሳል፣ ፊቱን ታጥቦ እንደገና ይጭናል። ያልተኛው ሌሊት በማንም ደብተር ላይ የለም።

እንቅልፉን የሚያባርርበትም ከጭነቱ አይርቅም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አይተካም። ምርቃናው ሲወርድ የተጠራቀመው ባንዴ ይመጣል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ላይ ዓይን ለሦስት ሰኮንድ ቢከደን 66 ሜትር ያለ ሾፌር ተሄደ ማለት ነው። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ቁልቁል ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ከ2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ወደ 1,200 ሜትር ግድም በዚያ ጥምዝምዝ ሲወረድ ጭነት የያዘ መኪና በከባድ ማርሽ መያዝ አለበት። የደነዘዘ ሰው ማርሽ መቀነሱን ይረሳና ፍሬን ላይ ይቆማል፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። በኋላ የሚወራው «ፍሬን ተበጠሰ» ነው። እንቅልፍ አስፋልት ላይ የጎማ ምልክት አይተውም።

ትራፊኩ የያዘው የትንፋሽ መለኪያ አልኮል እንጂ ድካም አይለካም። ሆኖም በ1997 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 እንደሚጠጋ አሳይቷል። ሰካራም ሾፌር አትቀጥሩም፤ አንዳንዶቻችሁማ ጠርሙስ የሚነካ ሰው ደጃችሁ አይደርስም። ሌሊቱን ያልተኛውን ግን «ጎበዝ» ትሉታላችሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀን ሥራን 8 ሰዓት አድርጎ፣ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ገድቧል። «የእኛ ሾፌር በኮንትራት ነው» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። መንገዱ ዳር ፍየል የሚነዳው ልጅ ኮንትራቱን አልፈረመም።

አውሮፓ ውስጥ ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ ሰዓቱን መሣሪያ ይመዘግባል። እናንተም መሣሪያው አላችሁ። ጂፒኤስ ያስገጠማችሁት መኪናው የት እንደቆመ በስልካችሁ ለማየት አይደል? ሲቆም ደውላችሁ «ምን ሆነህ ነው?» ትላላችሁ። አምስት ሰዓት ሳይቆም ሲሄድም ደውሉ። በረጅሙ መስመር ላይ መንጃ ፈቃድ ያለው ሁለተኛ ሾፌር ጨምሩ፤ ዛሬ ሾፌሩ ሲደክመው መሪውን መንጃ ፈቃድ ለሌለው ረዳቱ የሚሰጠው ሌላ ሰው ስላጣ ነው። የምልልሱን ክፍያ ወደ ወር ደመወዝ ለውጡት። ወጪው ጫቱ ላይ ይጨመር፤ የሚቅመው ሰው ይክፈለው።