በዋሻ መንገድ የሾፌሩ ዓይንና የገበሬ ማኅበራት ድርሻ

የገበሬው ምርት ከአውድማ ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ ከሚያልፍባቸው አስቸጋሪ ቦታዎች አንዱ የመንገድ ዋሻ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል የሚገኘው የጣርማ በር ዋሻ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዋሻው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራ ሲሆን፣ ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ከቆላው የሚወጣው ማሾ፣ ማሽላና ሽንኩርት፣ ከደጋው የሚወርደው ገብስና ባቄላ በዚሁ በር ያልፋል። ስለሆነም በዚህ ዓይነቱ ቦታ የሚደርሰው አደጋ የሾፌሩና የባለ መኪናው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበሬውም ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው የዋሻ ክፉው ቦታ ጨለማው የሚበረታበት መካከሉ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ በርቀት ልክ ሲመዘን አደጋ የሚበዛው በመግቢያው አካባቢ ነው። ምክንያቱ ከሰው ዓይን አሠራር የመነጨ ነው። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለማ ጎጆ የገባ ሰው ለጥቂት ጊዜ መደቡን ከምሰሶው መለየት ያቅተዋል። ሾፌሩም እንዲሁ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ፊት ለፊቱ ያለውን በሚገባ አያይም። ገና ከሩቅ ሳለም የዋሻው አፍ እንደ ጥቁር ቀዳዳ ሆኖ ስለሚታየው፣ በውስጡ የቆመ ሰው ወይም ከብት አይለይለትም። ከዋሻው ሲወጣ ደግሞ በተቃራኒው ብርሃኑ ያጥበረብረዋል።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ ሦስት ሴኮንድ ያህል በደንብ ሳያይ ቢቆይ 50 ሜትር በግምት ነዳ ማለት ነው። ፍጥነቱን ወደ 30 ቢያወርድ ግን በግምት የሚነዳው መንገድ በግማሽ ይቀንሳል።

ከዓይኑ ሌላ በዚያችው ቅጽበት አእምሮውም ሥራ ይበዛበታል። ፍጥነት መቀነስ፣ መብራት ማብራት፣ ከግድግዳው መራቅና የሚመጣውን መኪና ማጤን በአንድ ጊዜ ይደራረቡበታል። ግድግዳውን በመሸሽ ወደ መንገዱ መካከል የሚጠጋ ሾፌር ጥቂት አይደለም። ሐሳቡ በዚህ ሁሉ ሲያዝ በዳር የሚሄደውን እግረኛ ልብ ሳይለው ሊያልፍ ይችላል። ጉም ሲታከልበት ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

ይህንኑ በመገንዘብ በሌሎች አገሮች አዳዲስ ዋሻዎች ሲሠሩ፣ የቀን መብራታቸው በመግቢያው ላይ ደምቆ ወደ ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ይደረጋል። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2000 በተከፈተው የላርዳል ዋሻ ደግሞ ሌላ ችግር አጋጥሟል። ዋሻው 24.5 ኪሎ ሜትር ስለሚረዝም፣ ሾፌሩ 20 ደቂቃ ያህል አንድ ዓይነት ግድግዳ ብቻ እያየ እንዳይፈዝና እንዳያንቀላፋ ተሰግቶ ነበር። በመሆኑም ሦስት ሰፋፊ ቦታዎች ተፈልፍለው በሰማያዊና በቢጫ መብራት እንዲደምቁ ተደርጓል። እንግዲህ የሾፌር አእምሮ ሥራ ሲበዛበትም ሆነ ሲያጣ ይዘናጋል ማለት ነው።

በየዋሻው እንዲህ ያለ መብራት መትከል ከገበሬ ማኅበር አቅም በላይ ነው። የዋሻውን አፍ ከሰውና ከከብት ነጻ ማድረግ ግን በማኅበሩ እጅ ያለ ጉዳይ ነው። እረኛ ከዝናብ ለመጠለል፣ ቸርቻሪም መኪና ፍጥነት ስለሚቀንስ ዕቃውን ለመሸጥ የዋሻውን አፍ ቢመርጥ አያስደንቅም። ነገር ግን ለእነርሱ አመቺ የመሰለው ያ ቦታ ሾፌሩ እነርሱን የማያይበት ቦታ ነው። ስለዚህ መሪዎች ለመሸጫው ቦታ ከዋሻው ራቅ ያለና ከሩቅ የሚታይ ሜዳ ቢመርጡለት፣ ቸርቻሪው ገበያውን ሳያጣ አደጋው ይቀንሳል።

ከብት በዋሻው ማሳለፍ የግድ ከሆነም ከፊትና ከኋላ ባትሪ የያዘ ሰው ሊኖር፣ እግረኛውም በጨለማ የሚለይ ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ሊለብስ ይገባል። ማኅበሩ ለእህል ጭነት መኪና ሲከራይ ኮሚቴው የመኪናውን መብራት አስቀድሞ ይመልከት። ገበያ እንዳያመልጥ ተብሎ ሾፌሩን ማጣደፍ፣ ከጭነት በላይም ሰው ማሳፈር መቅረት አለበት።

ሰው ከሞተና ከብት ካለቀ በኋላ ለሽምግልና ከመሰብሰብ፣ ዛሬ በጠቅላላ ስብሰባ ተነጋግሮ የዋሻውን አፍ ማስለቀቅ ይቀላል።