የእግር ወለምታም በቅቤ ብቻ አልዳነም

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲባል የእግሩ ግን ይታሻል ማለት ነው። በሰሜን ሸዋም እየታሸ ኖሯል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ገበያ ቁልቁለቱን ሲወርድ የረገጠው ድንጋይ የከዳው ገበያተኛም ሆነ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ኳስ ሲሻማ እግሩ የታጠፈበት ወጣት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻው በቅቤ ያሻል፣ በጨርቅ ያስራል። እብጠቱ ሲጎድል ልጁ ተመልሶ ሜዳ ይገባል፤ ያው እግር፣ ያው ቦታ ላይ ዳግመኛ ይዞርበታል።

ነጋዴው ጆሮውን ማቆም ያለበት እዚህ ላይ ነው። ወለምታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍና በቁርጭምጭሚቱ ውጫዊ ጎን ያለው ጅማት ሲለጠጥ ወይም ሲበጠስ ነው። አንዴ የተጎዳ ጅማት ለሁለተኛው ወለምታ የተጋለጠ ነው። ገዢው የሚፈልገው እግሩ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ የሚፈቅድ፣ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ግን የሚይዝ መደገፊያ ነው።

በስፖርት ዕቃ መደብሮች በብዛት የሚታየው ከውጭ የገባ ካልሲ መሳይ ላስቲክ ነው። ያሞቃል፣ እብጠቱን ጥቂት ይጫናል፣ ለባለቤቱም ልብ ይሰጠዋል፤ እግሩ ሲታጠፍ ግን አብሮ ይታጠፋል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው የት እንደደረሰ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ባለሀብቱ ደብረ ብርሃን ሲባል ቢራ፣ የታሸገ ውሃና ብርድ ልብስ ይታየዋል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚጨምርም አለ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠው ከተማ ግን የሯጭም አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም የ10,000 ሜትር ሻምፒዮን የሆነችው ጌጤ ዋሚ የተወለደችው እዚያው መንገድ ላይ ጫጫ ነው። እርግጥ ለታላቅ አትሌት ዕቃው ከውጭ ይመጣለታል። ገበያው የትምህርት ቤት ቡድን፣ የወረዳ ክለብ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።

ዕቃው ይሠራል ወይ ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በ1,460 የሁለተኛ ደረጃ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቷል። በክር የሚታሰር መደገፊያ ያደረጉት የደረሰባቸው የቁርጭምጭሚት ጉዳት ካላደረጉት ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ሆኗል። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ግን ክብደቱ አልቀነሰም። ሻጩ ይህን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር መዝለል የለበትም። ካርቶኑ ላይ «ያድናል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ገንዘብ ሳይሆን ጣጣ ነው የሚሰበስበው፤ በዚያ ላይ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያንም ስለሚመለከት፣ ከማተሚያ ቤት በፊት ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይቀድማል።

አሁን ወደ ስፌቱ። የደጋ በግ ሌጦ በዓለም ጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስመ ጥር ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ሐሳብ የሚመጣው እሱ ነው። ሆኖም ጓንት የሚያሳምረው መለጠጡ እዚህ ጠላት ነው፤ ላብ ጠጥቶ ሲደርቅም ይጠነክራል። ለጠርዝ ልባስ ይሁን። አካሉ ጠንካራ ሸራ፣ ማሰሪያው ናይለን ጥብጣብ ቢሆን ይሻላል። ጥብጣቡ በተረከዝ ሥር ዞሮ እንደ ስምንት ቁጥር ይጠላለፋል፣ በሁለቱ ጎን ስስ ፕላስቲክ ይገባል። ስፌቱ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ላይ ከዋለ ያቆስላል። ውፍረቱ ታኬታ ውስጥ ካልገባ ደግሞ ተጫዋቹ በመጀመሪያው ቀን አውልቆ ይጥለዋል። አንድ ልክ ለሁሉ ማለትም አያዋጣም፤ ቢያንስ ሦስት ልክ ያስፈልጋል።

አጥብቆ ማሰር ጥንካሬ የሚመስለው ብዙ ነው። በአገራችን በቀርከሃና በጨርቅ ከልክ በላይ ታስሮ ደም ሳይደርሰው የበሰበሰና የተቆረጠ እጅና እግር ሐኪሞች ደጋግመው ያዩት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ክሩ ባለቤቱ ራሱ በቀላሉ የሚያላላው ይሁን። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው እንዲፈታ፣ እግሩ መሬት መርገጥ ካቃተው ደግሞ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ የሚል ጽሑፍም በአማርኛና በኦሮምኛ ውስጡ ይሰፋ።

ሙያው የለም የሚል ካለ መናገሻ ይሂድ። ቼሻየር ኢትዮጵያ በፖሊዮ ለተጎዱ ሕፃናት የእግር መደገፊያ ሲሠራ ዘመናት አልፈዋል። አለርት ሆስፒታልም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ልዩ ጫማ ሲሰፋ ኖሯል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። የጎደለው እነዚህን ከደብረ ብርሃን ጫማ ሰፊ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ባለገንዘብ ነው። ወጌሻውም ይጠራ፤ ደንበኛው በእጁ ነው፣ እሱ ያላመነበትን ዕቃ ሜዳ ላይ ማንም አያደርገውም።

ማሽን ከመግዛት በፊት 50 ጥንድ ሰፍቶ ለአንድ የውድድር ዘመን ለክለብ ማደል በቂ ነው። የትኛው ስፌት እንደተተረተረ፣ የትኛው ልክ እንደጠበበ፣ ስንቱም ተጫዋች በራሱ ገንዘብ ሁለተኛ እንደጠየቀ ያኔ ይታወቃል። የጠየቀው ከአሥር ካነሰ ገንዘቡን ወደ ብርድ ልብሱ ይመልስ።