የጀህራ መራጭ ድምፅ ምን ያህል ይመዝናል?

ከኩዌት ከተማ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ጀህራ ከፈርዋኒያ ጋር በአራተኛው የምርጫ ክልል ትካተታለች። ክልሉ ለብሔራዊው ምክር ቤት 10 አባላትን ሲመርጥ ቆይቷል። ሹወይኽንና አብዱላህ አልሳሊምን የያዘው ሁለተኛው ክልልም እንዲሁ 10 ይመርጣል። ሆኖም የአራተኛው መራጮች ቁጥር ከሁለተኛው እጥፍ ይበልጣል። በዚህም ምክንያት የጀህራ ነዋሪ ድምፅ ከሹወይኽ ነዋሪ ድምፅ ያነሰ ክብደት ይኖረዋል።

ካርታው በየዘመኑ ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1963 አገሪቱ እያንዳንዳቸው አምስት ተወካይ የሚልኩ 10 ክልሎች ነበሯት። በ1981 ክልሎቹ 25፣ የየክልሉ ተወካዮችም ሁለት ሁለት ሆኑ። ክልሉ ሲጠብ ጥቂት ድምፅ ለማሸነፍ ስለሚበቃ፣ የድምፅ ግዥና የዝምድና ተፅዕኖ በረታ። በ2006 ብርቱካናማ ቀለምን መለያቸው ያደረጉ ወጣቶች ክልሎቹ ወደ አምስት እንዲወርዱ ጠይቀው አደባባይ ወጡ። ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ ከተካሄደ በኋላ አዲሱ ምክር ቤት ጥያቄውን በሕግ አጸደቀ። መራጩም እስከ አራት ዕጩዎችን የመምረጥ መብት አገኘ።

በጥቅምት 2012 አሚር ሼህ ሳባህ አልአህመድ አራቱን ድምፅ ወደ አንድ ዝቅ የሚያደርግ ድንጋጌ አወጡ። ተቃዋሚዎች የታኅሣሡን ምርጫ አድማ መቱበት፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ግን በ2013 ድንጋጌውን አጸና። የለውጡ ውጤት አንድ ወጥ አልነበረም። በ2009 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመረጡት አራት ሴቶች መካከል ከአራተኛውና ከአምስተኛው ክልል የመጣች አልነበረችም፤ በታኅሣሥ 2012 ግን ዚክራ አልረሺዲ በአንድ ድምፅ ሥርዓት ከአራተኛው ክልል አሸነፉ።

ጉዳዩ የኩዌታውያን ብቻ አይደለም። ከአገሪቱ ነዋሪ አብዛኛው የውጭ ዜጋ ሲሆን ድምፅ የለውም። ይሁንና የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ቀን የሚደነግገው የ2015ቱ ሕግ የወጣው በዚሁ ምክር ቤት ነው። በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት እህቶችም በዚህ ሕግ ይዳኛሉ።

አሚር ሼህ ሚሻል አልአህመድ በግንቦት 2024 ምክር ቤቱን በትነው አንዳንድ የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች ከአራት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ አግደዋል። ስለዚህ ዛሬ የጀህራም የሹወይኽም ድምፅ እኩል ዝም ብሏል። ምክር ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ጥያቄ ግን የቆየው ነው፤ 10 ወንበር ለሁሉም እኩል መስጠት ፍትሕ ነው ወይስ በየክልሉ የመራጭ ቁጥር መደልደል?