ጦቢያን ላላነበቡ ጓደኞች

ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ እየተመላለሱ የሚማሩ፥ ወይም እንደ እኔ ቤታቸው ተጂ ሆኖ ቅዳሜን ጠብቀው የሚሄዱ ተማሪዎች በታክሲና በአውቶቡስ ውስጥ የሚያጠፉት ሰዓት ቢደመር ለአንድ ሙሉ ትምህርት የሚበቃ ነው። በዚህ ሰዓት ምን ይነበባል? ከወንድሞቻችንና ከእኅቶቻችን ብዙዎቹ፥ ይልቁንም በሰንበት ትምህርት ቤትና በመዘምራን ማኅበር የሚያገለግሉት፥ ፍቅር ያለበት፥ ልብ የሚያንጠለጥል፥ እምነትንም የማያጎድፍ አጭር መጽሐፍ ይሻሉ። እንደዚህ ያለው መጽሐፍ በአሜሪካ አገር በብዛት ይጻፋል፤ ገበያውም የሰፋ ነው። አንዲት ልጃገረድ በነፍሰ ገዳይ ትሳደዳለች፤ አንድ መልከ መልካም መርማሪ ይደርስላታል፤ በመጨረሻው ምዕራፍ አብረው ጸልየው ይጋባሉ። ይህን የሚያነብ ሰው ክፉ አደረገ አልልም። ነገር ግን አንባቢው ከመኪናው ሲወርድ ታሪኩ መቀመጫው ላይ ይቀራል።

ለእናንተ የምመርጠው መጽሐፍ የተጻፈው ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ የተጻፈውም በገዛ ቋንቋችን ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የደረሱት «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ታተመ፤ በኋላም በዋናዋ ሴት ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች ሁሉ የመጀመሪያው እርሱ ነው፤ ዛሬ «ልብ ወለድ» እያልን የምንጠራውም የጽሕፈት ዐይነት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ርእስ ነው። ርዝመቱ ወደ 90 ገጽ ቢሆን ነው። ለአንድ የተጂ ደርሶ መልስ ይበቃል፤ ክረምት ሆኖ የበቾ ሜዳ ውሃ ከተኛበት ግን ሁለት ጊዜ ማንበብ ይቻላል።

ታሪኩ ክርስቲያኖችና አረማውያን በሚዋጉበት በጥንት ዘመን የሆነ ነው። የክርስቲያኖቹ የጦር አለቃ ድል ሆኖ ይማረካል። ከዚያ በኋላ አንድ የማያውቀው ነጋዴ ገንዘቡን አውጥቶ ነፃ ያወጣዋል። አለቃው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ መንታ ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋሕድ፥ ሴቲቱ ጦቢያ ይባላሉ። ዋሕድ የአባቱን ውለታ ሊከፍል ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል፤ በመንገድም ከባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወድቆ ይሸጣል። አባትና ሴት ልጅ ዋሕድን ፍለጋ ይነሣሉ፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ፥ ወንድ ልጅ መስላ ከአባቷ ጋራ ትጓዛለች። መንገዳቸውም ወደዚያው ወደ ጠላታቸው ንጉሥ ግቢ ያደርሳቸዋል።

የመጽሐፉ ጭንቀት ከዚህ ይጀምራል። በጉልበት የሚመጣ ጭንቀት አይደለም። እኛ ልጁ ሴት መሆኗን እናውቃለን፤ በግቢው ያሉት አያውቁም። ንጉሡ ይህን «ወጣት» ይወደዋል፤ ከንጉሡ ወገን የሆነች ልጃገረድም ልቧን ትጥልበታለች። እያንዳንዱ መልካም ነገር፥ እያንዳንዱ ሹመትና ግብዣ፥ ለጦቢያ አዲስ አደጋ ይሆናል። ሰው በጠላው መጠን ሳይሆን በወደደው መጠን የሚያስፈራ ታሪክ ስንት አለ? እኔ ብዙ አላየሁም።

ከአሜሪካኖቹ የሚለይበት ሌላ ነገርም አለ። በእነዚያ መጻሕፍት ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ወንጀል ነው፤ በዚህ መጽሐፍ የሚያንቀሳቅሰው ውለታ ነው። አንድ ሰው በጎ ሠራ፤ በጎ ስለ ሠራም አንድ ቤተ ሰብ ዕረፍት አጣ። ዋሕድ ቤቱ ቢቀመጥ ማንም «ክፈል» አይለውም ነበር። ስብከት የሰለቻችሁ ጓደኞች ይህን ልብ በሉ፤ እምነቱ ያለው በንግግሩ ሳይሆን ልጁ ስንቁን ይዞ ከቤት በመውጣቱ ነው። የባሪያ ፈንጋዮቹም ነገር ተረት እንዳይመስላችሁ። መጽሐፉ በታተመበት ዘመን ሰው በአገራችን ገና ይሸጥ ነበር፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ከዚያ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው።

የታሪኩን ፍጻሜ አልናገርም ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ ጋራ ያለኝ ጠብ ያለ እርሱ አይገባም። ማወቅ የማይሻ አንባቢ የሚቀጥሉትን ሁለት አንቀጾች ይለፋቸው።

ንጉሡ የጦቢያን ሴትነት ባወቀ ጊዜ ሊያገባት ይፈልጋል። እርስዋ ግን ክርስቲያን ካልሆነ እሺ አትልም። ንጉሡ ይጠመቃል፤ ሕዝቡም ይከተለዋል። እንግዲህ እጠይቃለሁ፤ ስለ አንዲት ልጃገረድ ዐይን የተጠመቀ ንጉሥ፥ ስለ ንጉሡም የተጠመቀ ሕዝብ፥ ያመነው ምንድር ነው? ይህ ጥያቄ ለእኛ የሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞቻችን ኦርቶዶክሱ፥ ፕሮቴስታንቱ፥ እስላሙና ዋቄፈታው በአንድ አጥር ተጎራብተው ይኖራሉ። ሽማግሌ በተላከ ቀን አስቀድሞ የሚጠየቀው የልጁ ጠባይ አይደለም፤ «ሃይማኖቱ ምንድር ነው?» ይባላል። ለሠርጉ ሲል የተጠመቀም፥ ላለመጠመቅ ሲል ፍቅሩን የተወም በመካከላችን አለ። ደራሲው ይህን ሥቃይ በአንድ ጥምቀት ዘግተውታል፤ ለንጉሡ አንዲት ሌሊት እንኳ ከራሱ ጋራ የሚሟገትባት ቢሰጡት መጽሐፉ ከፍ ባለ ነበር።

ደግሞም አያቱ በዋቄፈና ሥርዐት የኖረ የኦሮሞ ተማሪ «አረመኔ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ቢከፋው እውነት አለው። ቃሉን ዘሎ ይለፍ አልለውም፤ እርሳስ ይዞ ያስምርበት። ነገር ግን አንድ ነገር አብሮ ይመልከት፤ የንጉሡ ደግነት የታየው ከመጠመቁ አስቀድሞ ነው። ደራሲው ያሰቡትም ይሁን ያላሰቡት፥ መጽሐፋቸው ይህን ይመሰክራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ። «የባንዳ መጽሐፍ አናነብም» የሚሉ አሉ፤ ክሱም ሐሰት አይደለም። አፈወርቅ በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ተወልደው፥ ዐፄ ምኒልክ ወደ ኢጣልያ አገር ልከዋቸው ሥዕል የተማሩ ሰው ናቸው። በዐድዋ ጦርነት ጊዜ ግን ከኢጣልያ ወገን ሆኑ፤ ቆይተውም በናፖሊ ከተማ አማርኛ አስተማሩ። በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት አገራችንን በያዘ ጊዜ አደሩለት፤ «አፈ ቄሣር» ተብለውም ተሾሙ። በዚያው ዓመት የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ከሰላሌ ተነሥቶ አዲስ አበባን ሊያስለቅቅ ሲወርድ፥ አቡነ ጴጥሮስ «ለጠላት አልገዛም» ብለው ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተደበደቡ። የመጀመሪያውን ክርስቲያናዊ ልብ ወለድ የጻፈልን ሰው በዚያ ቀን የነበረበት ወገን ከተኳሾቹ ወገን ነው። ይህን ሸፋፍኖ መጽሐፉን የሚያወድስ ሰው ለአንባቢም ለመጽሐፉም አይጠቅምም።

እኔ ግን አንብቡት የምለው ይህን እያወቅሁ ነው። የማያውቀውን ነጋዴ ውለታ ለመክፈል ነፃነቱን ያጣ ልጅ የፈጠረ ደራሲ፥ እርሱ ራሱ ያስተማረውን ንጉሥና የወለደችውን አገር ውለታ ምን አደረገው? «ጦቢያ» የሚለው ስም ደግሞ ባላገሩ ኢትዮጵያን ከሚጠራበት ስም አንዱ ነው። መጽሐፉ በደራሲው ላይ ይፈርዳል፤ እኛ የምንጨምርበት ብዙ የለም። መጽሐፉን ብንጥለው የምናጣው ይህን ምስክር ነው። አፈወርቅ ከድል በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው፥ የዐይናቸውም ብርሃን ጠፍቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1947 እዚያው ሞቱ።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል። አማርኛው የቆየ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ እንደ በቾ ሜዳ የረዘመ፥ ቃላቱም ዛሬ ከብዙዎቻችን አፍ የራቁ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ገጾች የሚሰለች ሰው አይፍረድ፤ ጦርነቱ ካለፈና ዋሕድ ከቤት ከወጣ በኋላ ይፈጥናል። አባት ወይም አያት አጠገቡ ያለ ሰው ያላወቀውን ቃል ይጠይቅ፤ በዚያውም ጨዋታ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ለማመሳከር የሚፈልግ፥ ኋላ ታላቅ የታሪክ ሊቅ የሆኑት ታደሰ ታምራት ተርጉመውት እ.ኤ.አ. በ1964 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ወጥቷል።

አንድ ነገር ለማኅበራችን አቀርባለሁ። በመካከላችን በሰበታ የዐይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ተምረው የመጡ ጓደኞች አሉ። እኛ በአውቶቡስ መስኮት አጠገብ ተቀምጠን የምናነበውን እነርሱ በጆሮ ነው የሚያገኙት፤ በጆሮ የሚገኘውም የመማሪያ መጽሐፍ እንጂ ልብ ወለድ ብዙ አይደለም። 90 ገጽ ድምፁ መልካም የሆነ ሰው ሲያነበው በጥቂት ምሽት ያልቃል፤ መቅረጫውም ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ያለ ስልክ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለማንበብ እኔ ፈቃደኛ ነኝ። የጦቢያን ንግግር ግን አንዲት እኅት ብታነበው ይሻላል፤ ምሥጢሩን ለሰሚ እንዳትገልጥበት ድምፅዋን ወፈር ማድረግ አለባት።