ሕመምተኛ ከሐኪም ቤት ከወጣ በኋላ

በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ፥ መፃጉዕ ተብሎ በሚጠራው ዕለት፥ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነበበው ታሪክ ለካህናት የታወቀ ነው። ያ ሰው ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋው ላይ ተኝቶ የኖረው ከመጠመቂያው ርቆ አልነበረም፤ ውሃው በፊቱ ነበረ፤ የጐደለው ከአልጋው አንሥቶ ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው ነበረ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች፥ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖረው ሕመምተኛም ነገሩ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የአገሪቱ ታላላቅ ሆስፒታሎች በአቅራቢያው ናቸው። ከሱሉልታ የሚመጣ እንጦጦን ይሻገራል፤ ከቡራዩ የሚመጣ በአምቦ መንገድ፥ ከሰበታ የሚመጣ በጅማ መንገድ ተሳፍሮ ይደርሳል። ነገር ግን ታክሞ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ከአልጋው አንሥቶ የሚያቆመው፥ እጁን ይዞ የሚያራምደው፥ ወደ ሥራውና ወደ ማኅበሩ የሚመልሰው ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም።

የሐኪም ሥራ ታላቅ ስለ መሆኑ የሚከራከር የለም። ሆኖም ከሞት መዳንና ወደ ኑሮ መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መርሳት አይገባም። አንድ አባወራ በአንጎሉ ውስጥ ደም ረግቶ ወይም ፈስሶ፥ ሕዝቡ ስትሮክ በሚለው ደዌ፥ ግማሽ ጐኑ ቢሰንፍበት ሆስፒታሉ ነፍሱን አትርፎ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያሰናብተዋል፤ ሌላ ሕመምተኛ አልጋውን ይጠብቃልና። ቤቱ በገባ ጊዜ ዘመዶቹ በፍቅር ይከቡታል። ያጐርሱታል፥ ልብሱን ያለብሱታል፥ እንዳይደክም ብለውም ከመኝታው አያስነሡትም። ይህ ሁሉ ከቅን ልብ የሚወጣ ነው፤ ጉዳቱም ከዚሁ ይጀምራል። ያልተንቀሳቀሰ መጋጠሚያ ይደርቃል፤ ያልሠራ ጡንቻ ይመነምናል፤ በአንድ ጐን የተኛ ገላ ይቈስላል፤ የሰነፈው ክንድ አያያዙን በማያውቅ እጅ ሲጐተት ትከሻው ይጐዳል። በምርኩዝ ደጁ ድረስ ሊሄድ ይችል የነበረው ሰው ዕድሜውን በሙሉ ተሸካሚ የሚሻ ይሆናል። ከእርሱም ጋራ አስታማሚው ይታሰራል። አስታማሚውም ብዙውን ጊዜ ሚስቱ ወይም ሴት ልጁ ናት፤ ጉልቷን ትታ፥ ወይም ከትምህርት ቤት ቀርታ ከአልጋው አጠገብ ትውላለች። በማንም መዝገብ ያልተጻፈች ሁለተኛዪቱ ሕመምተኛ እርሷ ናት።

ይህን ጉዳት ለመከላከል የተማሩት ባለሙያዎች ስማቸው በሕዝብ ዘንድ እንደ ሐኪምና እንደ ነርስ የታወቀ አይደለም፤ ስለዚህም ሥራቸውን በግልጽ ማስረዳት ያስፈልጋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚባለው የደከመውን አካል በልክና በሥርዓት እያሠራ ኀይሉን የሚመልስ፥ ለቤተ ሰቡም ሕመምተኛው እንዴት እንደሚገላበጥ፥ እንዴት እንደሚቀመጥ፥ እንዴት እንደሚነሣ የሚያስተምር ነው። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ደግሞ ዐይኑን የሚጥለው በዕለት ኑሮ ላይ ነው። በአንድ እጅ ልብስ መልበስ፥ ማንኪያ መያዝ፥ እንጀራ ቈርሶ መጕረስ የሚለማመደው ከእርሱ ዘንድ ነው። ይህ ባለሙያ ወደ ቤት በገባ ጊዜ ደፉን፥ ምድጃውን፥ የመጸዳጃውን ጉድጓድ ይመለከታል፤ ቍጢጥ ማለት ለማይችል ሰው ከመካከሉ የተበሳ ዱካ፥ በግድግዳው ላይ የተመታ አንድ መያዣ እንጨት ምን ያህል ክብር እንደሚመልስለት ያውቃልና። የንግግር ሕክምና ባለሙያም አንደበትን ከማላቀቅ በላይ ሥራ አለው፤ ስትሮክ የመታው ሰው ውሃ በተጐነጨ ቍጥር ትን የሚለው ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባው እየገባ እንዳይገድለው የመዋጡን ዘዴ ያስተምራል። የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያ ደግሞ የተቈረጠውን እግር ለክቶ ሌላ እግር ይሠራል። ሕፃን ከሆነ ያ እግር ልጁ ባደገ ቍጥር መለወጥ አለበትና አንድ ጊዜ ሰጥቶ መሰናበት አይቻልም።

ሱሉልታ የታወቁ ሯጮች የሚለማመዱበት ሜዳ ነው። በዚያ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ ማልዶ የሚሮጠውን ጐልማሳ ያየ ሁሉ፥ ጤናማ እግር እንኳ ያለ አሠልጣኝና ያለ ዕለታዊ ልምምድ ለወግ እንደማይበቃ ይረዳል። በዚሁ ከተማ መካከል ወደ ጎጃም በሚያልፈው አውራ ጐዳና ላይ መኪና የሰበረው እግር ግን ጀሶው ከተፈታለት በኋላ በራሱ ይበረታል ተብሎ ይተዋል።

ይህ ዓይነት ሥራ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የሰበታ ተሳፋሪ ዕለት ዕለት በሚያልፍበት በጅማ መንገድ፥ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተጠራው በጥንቱ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ስፍራ ላይ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓመት አለርት ተቋቁሟል። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፤ ነገር ግን የደነዘዘ እጅና እግር መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም እንደ ደነዘዘ ሊቀር ይችላል፤ እሳቱን አያውቀውም፥ እሾሁን አይሰማውም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የትኵስ ድስት ጆሮ በጨርቅ መያዝን፥ ሁልጊዜ ማታ የእግሩን ውስጥ በዐይኑ መመርመርን፥ ልስልስ ገበር ያለው ጫማ ማድረግን የሚያስተምር ባለሙያ ያስፈልገዋል። ትንሽ የሚመስል ትምህርት ነው፤ ነገር ግን እግርን ከመቈረጥ ያድናል። ዛሬ የስኳር በሽታ የእግራቸውን ስሜት ያጠፋባቸው ብዙ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ይኸው ትምህርት ነው፤ የሚሰጣቸው ግን ጥቂት ነው።

ሰበታም ራሷ ምስክር ናት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመሠረተው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የዐይን ብርሃን ያጡ ልጆችን ተቀብሎ የብሬልን ጽሕፈት፥ በዘንግ እየተመሩ መሄድን፥ ራስን ማገልገልን ሲያስተምር ኖሯል። ዐይናቸውን የመለሰላቸው ማንም የለም፤ ከዚያ የወጡት ግን መምህራንና ሠራተኞች ለመሆን በቅተዋል። ቅኔ ቤቶቹም ቢሆኑ ዐይነ ሥውር መሪጌታና የመጻሕፍት መምህር ብርቅ ሆኖባቸው አያውቅም። እንግዲህ አካል ሳይመለስ ኑሮ ሊመለስ እንደሚችል ለካህናት የሚያስረዳ ሌላ ማስረጃ አያሻም።

በቡራዩ በኩል ደግሞ የገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ አለ። የአእምሮ ሕመም ነገር ከሁሉ የከበደ ነው፤ የሰበረውን እግር ጐረቤት ያዝንለታል፥ የታወከውን አእምሮ ግን ይሸሸዋልና። በማገገሚያ ውስጥ በሰዓቱ መነሣትን፥ መታጠብን፥ ከሰው ጋራ ማዕድ መቅረብን፥ በእጅ መሥራትን እንደ ገና የለመደ ሰው፥ ወደ ሰፈሩ በተመለሰ ጊዜ የሚጠብቀው የተዘጋ በር ከሆነ፥ መድኃኒቱንም የሚጠይቀው ካጣ፥ የተደከመበት ሁሉ በአጭር ጊዜ ይፈርሳል። ከዚህ የተሻለ መንገድ መኖሩ በዚሁ አገር ተፈትኗል። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ከ160 የሚበልጡ ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት፥ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ወደ ሕሙማኑ ቤት እየሄዱ ቤተ ሰቡን አስተማሩ፥ ከጐረቤትና ከአካባቢ ሽማግሌዎች ጋራ ተነጋገሩ፥ ሕሙማኑን ወደ ሥራና ወደ ማኅበር መለሱ። ከአንድ ዓመት በኋላ፥ በጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ከተረዱት ይልቅ እነዚህ የተጐበኙት በኑሯቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ውጤቱም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓመት በታወቀ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። በሶዶ የሆነው በቡራዩ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

የመንግሥት ግዴታ ምን እንደ ሆነ ሕጉ አስቀድሞ ተናግሯል። ሕገ መንግሥቱ በ41ኛው አንቀጽ፥ መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች፥ ለአረጋውያንና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ማቋቋሚያና ድጋፍ እንዲሰጥ ያዝዛል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. አጽድቃ የአገር ሕግ አድርጋዋለች። ግንቦት 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ መልሶ ማቋቋም በየአገሩ የጤና ሥርዓት ውስጥ እንዲገባ ውሳኔ አስተላልፏል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 2 ቢሊዮን ከ400 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ይህ አገልግሎት የሚጠቅመው ደዌ ወይም ጉዳት አለበት። «ዐቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ቃል ይዞ ነገሩን ለሚመጣው ዓመት፥ ከዚያም ለሚመጣው ማሳደር ለማንኛውም ቢሮ ቀላል ነው። ነገር ግን ያቺ ቃል ልክ ለመወሰን የተጻፈች እንጂ ሥራ ለመተው የተጻፈች አይደለችም።

በተለይም ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጐረቤቶቻቸው ጋራ በሸገር ከተማ ሥር በአንድነት ተጠቃለዋል። ሕዝባቸው በፋብሪካና በቤት ሥራ ምክንያት በየጊዜው እየበዛ የመጣ ነው፤ ከሕንፃ መሰላል የሚወድቀው፥ ጣቱን መኪና የሚነጥቀው ሠራተኛም አብሮ ይበዛል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በኪራይ ቤት የሚኖሩ፥ ከሩቅ አገር የመጡ፥ የሚያስታምም ዘመድ በአጠገባቸው የሌላቸው ናቸው። መራመድ የማይችልን ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ለልምምድ ማመላለስ ምን እንደሚያስወጣ የታክሲ ወያላ ሁሉ ያውቀዋል። ሕመምተኛው ሁለት ሳምንት ይመላለሳል፤ በሦስተኛው ይቀራል። ሆስፒታሉም ቀረ ብሎ ይጽፋል።

ለዚህ ነገር መድኃኒቱ ባለሙያውን ሕመምተኛው ወዳለበት ማቅረብ ነው። ጥንትም የተደረገው ይኸው ነበረ። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንንን፥ የኅብረተ ሰብ ነርስንና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ የላከው፥ ሐኪም ብቻውን የሕዝብ ጤና እንደማይጠብቅ ስለ ታወቀ ነው። ዛሬም የጎንደር ዩኒቨርስቲ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎችን ያስተምራል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየገቡ ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ በጓዳ የተኛውን ሰው ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው። ያዩትን የሚነግሩት ባለሙያ በጤና ጣቢያው ውስጥ ቢኖር፥ ምልክቱንም ቢያስተምራቸው፥ ሥራው በግማሽ ተጀመረ ማለት ነው።

የካህናትም ድርሻ ከዚህ አያንስም። የንስሐ አባት ቢሮ በማይደርስበት ጓዳ ይገባል፤ ቤተ ሰቡም ከሐኪም የሸሸገውን ለእርሱ ይነግራል። በእግር ብረት የታሰረ ልጅ ያለበትን ቤት፥ ከሰው እንዳይታይ የተደበቀ አካለ ስንኩል ሕፃን ያለበትን ቤት ያውቃል። ስለ ጸበልና ስለ መድኃኒትም ቢሆን ነገሩ የተቈረጠ ነው፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበላቸውንም መድኃኒታቸውንም አንድ ላይ እንዲወስዱ በግልጽ አስተምረዋል። በአዲስ አበባም በአንድ የጸበል ስፍራ አጥማቂዎችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማንን ያገለገሉበት ሥራ ተጽፎ ይገኛል። ጸበልተኛውን መድኃኒትህን ጣል የሚል ሰው ካለ፥ ይህን የሚለው ከራሱ እንጂ ከቤተ ክርስቲያን አይደለም። ዕድርም እንዲሁ ሊታሰብ ይገባዋል፤ ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳንና ወንበር ለመትከል የማይዘገየው ማኅበር፥ ሰው በሕይወት ሳለ የሚደገፍበትን ምርኩዝና የሚቀመጥበትን ተሽከርካሪ ወንበር ገዝቶ በየተራ ቢያውስ ሳጥኑ አይጐድልም።

ወጪው ብዙ ነው የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ለአንድ ጤና ጣቢያ የሚያስፈልገው ግን አንድ ክፍል፥ ሰፊ መኝታ፥ ተይዞ የሚኬድበት ሁለት ትይዩ እንጨት፥ ሦስትና አራት እርከን ያለው የልምምድ ደረጃ፥ ጥቂት ምርኩዝ ነው፤ አብዛኛውን የሰበታ አናጢ ይሠራዋል። ትልቁ ወጪ የባለሙያው ደመወዝ ነው። በሦስቱም ከተሞች በመጀመሪያ አንድ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፥ በገፈርሳ አጠገብም የአእምሮ ሕሙማንን በየቤታቸው የሚጐበኝ አንድ ባለሙያ ቢመደብ፥ ለእነርሱም በሳምንት ሁለት ቀን የቤት ጕብኝት የሚያደርጉበት ተሽከርካሪ ቢፈቀድ፥ ጅምሩ ይህ ነው። ሆስፒታሎችም ሕመምተኛውን በሚያሰናብቱበት ወረቀት ላይ የሚሄድበትን ጤና ጣቢያና የሚለማመደውን ልምምድ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢጽፉለት ገንዘብ አያስወጣቸውም። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይገባል፤ የሥራ መደብም የሚጠየቀው ከዚያ በፊት ነው።